አምስት ጠጠር በ1983ቱ የፋሚኮም ካሴት፦ ሬንጁን ተምሮ ማሽኑን የማሸነፍ ዝርዝር መመሪያ

ልጅ ሆኜ ጎረቤት ቤት የቲቪ ጌም ነበር። አንዱ ካሴት ብዙ ጌም የታጨቀበት ነው። በማሪዮና በታንኩ ተራ እንጣላለን። አንዱን ጌም ግን ማንም አይፈልገውም። ስንከፍተው መስመር በመስመር የሆነ ሰሌዳ ይመጣል። ዳማ መስሎን ጠጠር አስቀምጠን ልናንቀሳቅስ እንሞክራለን። አይንቀሳቀስም፣ አይበላም። ትንሽ ቆይቶ ማሽኑ ያሸንፋል። በምን እንደተሸነፍን ሳናውቅ ወደ ታንኩ እንመለሳለን።

ያኔ አጠገባችን ሕጉን የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ኖሮ ታንኩን እንረሳው ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህን መመሪያ የምጽፈውም ለዚያ ነው። ጨዋታው ጎሞኩ ይባላል። በጥብቅ ሕግ ሲጫወቱት ደግሞ ሬንጁ ይሆናል። ወደ ቤት ጌም ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የጃፓን የሰሌዳ ጨዋታዎች አንዱ ነው።

መጀመሪያ ጥቂት ስለ ካሴቱ

የጃፓኑ ድርጅት ኔንቴንዶ ፋሚኮም የተባለውን የቲቪ ጌም ማሽን ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በፈረንጆች ሐምሌ 15 ቀን 1983 ነው። ዋጋው 14,800 የን ነበር። አብረውት የወጡት ጌሞች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ዶንኪ ኮንግ፣ ዶንኪ ኮንግ ጁኒየርና ፖፓይ። ስድስት ሳምንት ቆይቶ፣ ነሐሴ 27 ቀን፣ ሁለት ካሴት ተጨመረ። አንዱ ማጆንግ የተባለው የቻይና ጨዋታ ነው። ሌላው «ጎሞኩ ናራቤ ሬንጁ» ይባላል። «ጎሞኩ ናራቤ» ማለት አምስቱን መደርደር እንደማለት ነው። «ሬንጁ» ደግሞ የተያያዙ ዕንቁዎች ማለት ነው። ይህን ስም ለጨዋታው በ1899 ያወጣው ኩሮይዋ ሩይኮ የተባለ ጃፓናዊ ጋዜጠኛ ነው።

ካርቱን መሳይ ጌም በሚሸጥበት ሳጥን ላይ የሽማግሌ ጨዋታ ለምን ተጨመረ የሚል ሰው የኔንቴንዶን ታሪክ ይመልከት። ድርጅቱ በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የተመሠረተው ሃናፉዳ የሚባለውን የጃፓን ካርታ ለመሥራት ነው። የገበታ ጨዋታ ለእሱ የቆየ ሥራው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። የፋሚኮም አንጎል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ በሰከንድ የሚመታው ከ1.8 ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ ነው። የሥራ ማስታወሻው 2 ኪሎባይት ብቻ ነው። በዚህ አቅም ጎ የተባለውን ትልቅ የጠጠር ሰሌዳ ጨዋታ ማጫወት የማይታሰብ ነበር። በ1987 ሄንክ ሮጀርስ የተባለ የጌም ሠሪ በራሱ ድርጅት በኩል የጎን ጨዋታ ለፋሚኮም ሲያወጣ እንኳ ሰሌዳው ከ19 በ19 ወርዶ 9 በ9 ሆኗል። አምስት መደርደር ግን በዚያች ትንሽ አንጎል ይቻላል። ይህን ያዙልኝ፤ ማሽኑን ለማሸነፍ ስንደርስ ይጠቅመናል።

ደረጃ 1፦ ካሬ ደብተር አምጡ

ቲቪው ይቆይ። ሕጉን ስክሪን ላይ ለመማር የሞከረ ሰው እኛ ልጅ ሆነን የገጠመንን ነው የሚገጥመው።

የሒሳብ ካሬ ደብተር ላይ 15 ቀጥ ያለ መስመር፣ 15 አግድም መስመር አስምሩ። ጠጠሩ የሚቀመጠው ካሬው ውስጥ አይደለም። መስመሮቹ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ 225 ነጥብ አላችሁ። ጥቁሩን በተሞላ ክብ፣ ነጩን በባዶ ክብ በእርሳስ መሳል ይበቃል። ሰሌዳውን ተለቅ አድርጋችሁ ካርቶን ላይ ካሰመራችሁት ደግሞ እንደ ዳማው በቆርኪ መጫወት ይቻላል። አንዱ በደንደሱ፣ ሌላው በሆዱ።

ቦታ ስጠራ በሁለት ቁጥር ነው። የመጀመሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ከታች ወደ ላይ ይቆጠራል። መሐሉ 8-8 ነው። ከእሱ በስተቀኝ ያለው 9-8፣ ከበላዩ ያለው 8-9 ይሆናል።

ደረጃ 2፦ መሠረታዊው ሕግ

ይህ አጭር ነው። ጥቁር ይጀምራል። የመጀመሪያውን ጠጠር መሐል ያስቀምጣል። ከዚያ ተራ በተራ አንድ አንድ ጠጠር ታስቀምጣላችሁ። የተቀመጠ ጠጠር አይነሳም፣ አይንቀሳቀስም፣ አይበላም። በአግድም፣ በቁም ወይም በሰያፍ አምስት ጠጠር ያለ ክፍተት የደረደረ አሸነፈ። አለቀ።

ደረጃ 3፦ ቅርጾቹን በስም እወቁ

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የተሠራው በሦስት ቅርጽ ነው። ጀማሪ ጠጠር ይቆጥራል። የለመደ ሰው ቅርጽ ያያል።

«አራት» ማለት አንድ ጠጠር ብቻ ሲጨመርበት አምስት የሚሞላ ነው። ተቃራኒው ወዲያው መዝጋት አለበት። አማራጭ የለውም። አራቱ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። ሦስት ተደርድሮ፣ አንድ ባዶ ቦታ ተትቶ፣ አንድ ጠጠር ካለም አራት ነው። ዓይን የሚስተው ይሄኛው ነው።

«ክፍት አራት» ማለት አራት ተደርድሮ ሁለቱም ጫፍ ባዶ ሲሆን ነው። አንዱን ሲዘጉት በሌላው ይሞላል። ክፍት አራት የሠራ ሰው ጨዋታውን ጨርሷል።

«ክፍት ሦስት» ማለት ካልተዘጋ በሚቀጥለው ተራ ክፍት አራት የሚሆን ሦስት ነው። ይህም ጠንከር ያለ ጥሪ ነው። ተቃራኒው ወይ መዝጋት፣ ወይ በራሱ አራት እናንተን ማስገደድ አለበት። ክፍት ሦስትም እንዲሁ መሐሉ ላይ ክፍተት ሊኖረው ይችላል።

ደብተራችሁ ላይ እያንዳንዱን ቅርጽ በአግድም፣ በቁምና በሰያፍ ሳሉ። በተለይ ሰያፉን ደጋግሙት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በሰያፍ ነው። ዓይናችን ደብተር ስናነብ የለመደው አግድሙን ነውና።

ደረጃ 4፦ ለጥቁር የተከለከሉት ሦስቱ

አምስት መደርደርን ሬንጁ የሚያሰኘው ይህ ክፍል ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ቀድሞ የሚጀምር ሰው በጣም ይጠቀማል። ሆላንዳዊው ተመራማሪ ቪክቶር አሊስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ክልከላ በሌለበት በ15 በ15 ሰሌዳ ላይ ጀማሪው ካልተሳሳተ ሁልጊዜ እንደሚያሸንፍ በኮምፒውተር አሳይቷል። ጃፓኖቹ ግን ከዚያ በፊት ከልምድ ያውቁት ነበር። ስለዚህ ጥቁሩ ላይ ልጓም አደረጉበት። ነጩ ነፃ ነው።

የመጀመሪያው ክልክል ሦስት በሦስት ነው። ጥቁር በአንድ ጠጠር ሁለት ክፍት ሦስት በአንዴ መሥራት አይችልም። ሳሉት፦ ጥቁር 6-8 እና 7-8 ላይ አለ። 8-6 እና 8-7 ላይም አለ። ዙሪያው ባዶ ነው። አሁን 8-8 ላይ ቢያስቀምጥ በአግድም አንድ ክፍት ሦስት፣ በቁም አንድ ክፍት ሦስት ይሠራል። ክልክል ነው። ካስቀመጠ ተሸነፈ። ይህን ስዕል አታጥፉት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው አራት በአራት ነው። በአንድ ጠጠር ሁለት አራት መሥራት አይቻልም። የሚገርመው ይህ በአንድ መስመር ላይም ሊሆን መቻሉ ነው። ጥቁር በአንድ አግድም መስመር በ4፣ 6፣ 8 እና 10 ላይ አለ እንበል። 7ን ቢጨምር፣ 5 ሲሞላ ከ4 እስከ 8 አምስት ይሆናል፤ 9 ሲሞላ ደግሞ ከ6 እስከ 10 አምስት ይሆናል። ሁለት አራት ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ አይፈቀድለትም።

ሦስተኛው ስድስትና ከዚያ በላይ መደርደር ነው። ጥቁር የሚያሸንፈው በትክክል በአምስት ብቻ ነው። ነጭ ስድስትም ቢደረድር ያሸንፋል።

አንድ ነገር ግን አለ። ጥቁር በዚያው ጠጠር በትክክል አምስት ከሞላ፣ ያ ቦታ በሌላ በኩል ክልክል ቢሆን እንኳ አሸንፏል። አምስት ከሁሉም ይበልጣል።

ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫወቱ ብዙ ጌሞች አሉ። አንዳንዱ ክልከላውን ያካትታል፣ አንዳንዱ አያካትትም። አዲስ ጌም ስትከፍቱ መጀመሪያ ጥቁር ሆናችሁ ከላይ ያለውን ሦስት በሦስት ሞክሩት። ዝም ካለ የምትጫወቱት ሬንጁ ሳይሆን ልቅ የሆነውን አምስት መደርደር ነው።

ደረጃ 5፦ አራት በሦስት፣ የጥቁር ዋና መሣሪያ

ሦስት በሦስት ከተከለከለ፣ አራት በአራት ከተከለከለ ጥቁር በምን ያሸንፋል? በአንድ ጠጠር አንድ አራትና አንድ ክፍት ሦስት በመሥራት። ይህ ለጥቁርም ተፈቅዷል። የሬንጁ ውበት እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ደብተሩ ላይ እንሥራው። ጥቁር 6-8፣ 7-8 እና 8-8 ላይ ሦስት ደርድሯል። ነጭ ግን 5-8 ላይ ሆኖ በግራ በኩል ዘግቶታል። ጥቁር 9-6 እና 9-7 ላይም ሁለት ጠጠር አለው። የቀሩት ነጮች ራቅ ያሉ ናቸው እንበል።

ጥቁር 9-8 ላይ ያስቀምጣል። በአግድም ከ6 እስከ 9 አራት ሆነ። በቁም 9-6፣ 9-7፣ 9-8 ክፍት ሦስት ሆነ። ነጭ አራቱን መተው አይችልም፤ 10-8 ላይ ይዘጋል። ጥቁር 9-9 ላይ ያስቀምጣል። አሁን በቁም ክፍት አራት አለው። ነጭ 9-5ን ቢዘጋ 9-10 ይሞላል፣ 9-10ን ቢዘጋ 9-5 ይሞላል። ጨዋታው አለቀ።

ልብ ብላችሁ እዩት። በግራ በኩል የተዘጋው ሦስት ዋጋ የሌለው ይመስል ነበር። ማስገደጃ ሆኖ ያገለገለው ግን እሱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስበልጬ የምመክረው አንድ ነገር ይህ ነው፦ የተዘጋ ሦስት ሲኖራችሁ ወዲያው አራት አድርጋችሁ አታባክኑት። ጀማሪ ሁሉ ተቃራኒውን ማስደንገጥ ደስ ስለሚለው አራት ይሠራል፣ ይዘጋበታል፣ መሣሪያውም ያልቃል። ከዚህ የባሰው ደግሞ፣ ተቃራኒው ለመዝጋት ያስቀመጠው ጠጠር ለእሱ ጥሩ ቦታ ላይ ይውልለታል። አራትን በኪስ አቆዩት። ሁለት መስመር የሚገናኝበት ነጥብ ሲመጣ አውጡት።

ይህን ምሳሌ አዙራችሁ በሌላ አቅጣጫም ሥሩት። አራቱ በሰያፍ፣ ሦስቱ በአግድም። አሥር ጊዜ ያህል ከሳላችሁት ዓይናችሁ ራሱ መፈለግ ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ መዝጋት

ተቃራኒያችሁ ተከታታይ ክፍት ሦስት ከሠራ ከሁለቱ ጫፍ በአንዱ ተጠግታችሁ ዝጉ። የትኛው ጫፍ? ለእናንተ ጠጠሮች የሚቀርበው። መዝጋትም ማጥቃት ሊሆን ይችላል።

ክፍተት ያለው ሦስት ከሆነ ግን ሦስት ምርጫ አላችሁ፤ ሁለቱ ጫፎችና መሐሉ። ብዙ ጊዜ መሐሉ ጥሩ ነው። ጠጠሮቹን ይለያያቸዋል።

ደግሞ ሦስቱ እስኪመጣ አትጠብቁ። ተቃራኒው ሁለት ሁለት ጠጠር በሁለት መስመር ካለው፣ መስመሮቹ የሚገናኙበትን ነጥብ ቀድማችሁ ያዙ። የመገናኛ ነጥቡን የያዘ ሰው ሁለቱንም መስመር በአንድ ጠጠር ገደላቸው።

ደረጃ 7፦ አከፋፈት

በሬንጁ ባህል ጥቁር መሐል ይጀምራል። ነጭ ከእሱ ጋር ተጠግቶ ያስቀምጣል። የጥቁር ሁለተኛ ጠጠር ደግሞ በመሐሉ 5 በ5 ቦታ ውስጥ ይሆናል። በዚህ መንገድ የሚወጡት አከፋፈቶች 26 ናቸው፤ ሁሉም የጃፓንኛ ስም አላቸው።

ሁለቱን ብቻ ያዙ። አንዱ ካጌትሱ ነው፦ ጥቁር 8-8፣ ነጭ 8-9፣ ጥቁር 9-9። ሌላው ሆጌትሱ ነው፦ ጥቁር 8-8፣ ነጭ 9-9፣ ጥቁር 9-7። ሁለቱም ለጥቁር በጣም ጠንካራ ናቸው። ከመጠን በላይ ጠንካራ ከመሆናቸው የተነሳ በውድድር ላይ አንዱ ተጫዋች ሦስቱን ጠጠር ካስቀመጠ በኋላ ሌላው ቀለም እንዲመርጥ ይደረጋል። ማሽኑ ላይ ግን ተጠቀሙባቸው።

ደረጃ 8፦ ዕቃውን መሰካት

ጌሙ የተሸጠው ጃፓን ውስጥ ብቻ ነው። ካሴቱ ባለ 60 እግር ነው። አሜሪካና አውሮፓ የተሸጠው የኔንቴንዶ ማሽን ደግሞ 72 እግር ይፈልጋል። አስማሚ ካልተገዛ አይገጥምም።

ጃፓን የኖረ ዘመድ ዋናውን ነጭና ቀይ ፋሚኮም ካመጣላችሁ አንድ ነገር አደራ። ቻርጀሩ ለጃፓን 100 ቮልት የተሠራ ነው። እኛ አገር ያለው 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ያቃጥለዋል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ተጠቀሙ። የአሜሪካውን የኔንቴንዶ ቻርጀርም አትስጡት፤ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ዓይነት የተለየ ስለሆነ ማሽኑን ይጎዳል።

ሥዕሉም ያስቸግራል። የመጀመሪያው ፋሚኮም ምስሉን የሚልከው በአንቴና ገመድ፣ በጃፓን ቻናል 1 ወይም 2 ነው። የሌላ አገር ቲቪ ይህን ላያገኘው ይችላል። ቢጫ የኤቪ ገመድ የሚቀበለው በ1993 የወጣው ኤቪ ፋሚኮም ነው። ከተቻለ እሱን ፈልጉ። ቲቪው ኤንቲኤስሲ የተባለውን የጃፓን የቲቪ ሥዕል ዓይነት መቀበል አለበት፤ ካልተቀበለ ምስሉ ያለ ቀለም ሊመጣ ወይም ሊንሸራተት ይችላል።

ደረጃ 9፦ ከማሽኑ ጋር

በመስቀሉ ቁልፍ ጠቋሚውን ትወስዳላችሁ፣ በቁልፍ ጠጠሩን ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ነገር የለም። ለብቻም ለሁለትም ይቻላል።

መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ይመጣል። 2 ኪሎባይት ማስታወሻ ያለው ማሽን ከፊቱ ያለውን ቅርጽ ሊያይ ይችላል። ሩቅ የሚሄድ ሰንሰለት ግን ይከብደዋል። ስለዚህ በአንድ ቦታ ተፋጥጣችሁ አትጋፉት። በሁለት አቅጣጫ ያልተዘጉ ሁለት ሁለት ጠጠሮችን አዘጋጁ፣ የተዘጋ ሦስታችሁን በኪስ አቆዩ፣ መገናኛ ነጥቡ ሲገኝ በአራት በሦስት ግቡ።

ከቲቪው አጠገብ ደብተሩን አስቀምጡ። የተጫወታችሁትን በቁጥር እየመዘገባችሁ ሂዱ። ስትሸነፉ ወደኋላ ቁጠሩና መዝጋት ይቻል የነበረበትን የመጨረሻ ጠጠር ፈልጉ። እኔ በዚህ መንገድ የተማርኩት፣ መቶ ጊዜ ዝም ብሎ ከመጫወት የበለጠ ነው።

ደረጃ 10፦ ነጭ ሆናችሁ ወጥመድ ማጥመድ

ጥቁር ሆናችሁ ከለመዳችሁ በኋላ ሁለተኛውን መቆጣጠሪያ ለወንድም ወይም ለጓደኛ ስጡና ነጭ ሁኑ። ነጭ ተከላካይ ብቻ የሚመስለው ሕጉን በደንብ ላላየ ሰው ነው። የጥቁር ክልከላ የነጭ መሣሪያ ነው።

አታጥፉት ወዳልኳችሁ ስዕል ተመለሱ። ጥቁር 6-8፣ 7-8፣ 8-6 እና 8-7 ላይ አለ። 8-8 ለእሱ ክልክል ነው። አሁን ነጭን በሰያፍ 9-9፣ 10-10 እና 11-11 ላይ ሳሉ። 13-13 ላይ አንድ ጥቁር ጠጠር ጨምሩ። ነጭ 12-12 ላይ ያስቀምጣል። አራት ሆነ። በላይ በኩል 13-13 በጥቁር ተይዟል። ጥቁር መዝጋት የሚችልበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም 8-8። እዚያ ካስቀመጠ ሦስት በሦስት ሠርቶ ይሸነፋል። ካላስቀመጠ ነጭ እዚያው ገብቶ አምስቱን ይሞላል።